«እትዬ፣ ዛሬ እኮ ቆርበዋል»፦ መመለስ የአንድ ቀን ነው ወይስ የዕለት ዕለት?

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በቅበላ ሰሞን ነው። እስከ ኒቆዲሞስ እሑድ ድረስ መልስ ሲጨመርበት ቆየ። ዘግይተው የገቡ ሰዎች ሁሉንም ከላይ እስከ ታች ማንበብ ስለከበዳቸው፣ የተባለውን በየተራው እንዳሰፍርላቸው ጠየቁኝ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ በንዴት ተጽፎ በኋላ የተሰረዘ አለ፣ የቤቱን ገመና ያወጣም አለ። የራሴን መክፈቻ ግን እንደነበረ አስቀምጣለሁ።

መክፈቻው

ክርስትና የተነሣሁት በሰማንያ ቀኔ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ማዕተቤን ፈታሁ፣ ከዚያ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ቤተ ክርስቲያንን የማውቃት በሰርግና በለቅሶ ብቻ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት እናቴ ስታርፍ ግን አንድ ነገር ተሰበረብኝ። የንስሐ አባት ያዝኩ፤ የተሰጠንን ቀኖና ጨርሰን ከባለቤቴ ጋር ቆረብን። ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ ለውጤን ይመሰክራል። ረቡዕና ዓርብን አልሽርም፣ ዐሥራት አወጣለሁ፣ ሐሜት ከተነሣ ከቡና ላይ ተነሥቼ እሄዳለሁ።

ባለፈው እሑድ ቆርቤ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ እንደያዝኩ ወደ ቤት ገባሁ። የቤት ሠራተኛችን ጓሮ ጀበና ስታጥብ አንገቱን ሰብራው ነበር። የእናቴ ጀበና ነው። ነጠላውን ከአፌ አወረድኩና ጮህኩባት። ስለ እጇ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ አገሯን አነሣሁ፣ ያሳደጋትን ሰው አነሣሁ፣ ከእኔ ቤት ብትወጣ የት እንደምትወድቅ ነገርኳት። እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ቆማ ሰማችኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «እትዬ፣ ዛሬ እኮ ቆርበዋል፤ ምራቅ እንዳይወጣዎት» አለችኝ።

እየነቀፈችኝ አልነበረም። ፊቷን አይቼዋለሁ፤ ከልቧ ፈርታ ነበር። የተሰደበችው እሷ ሆና ሳለ የጨነቃት በአፌ ለተቀበልኩት ቅዱስ ነገር ነው። መኝታ ቤት ገብቼ እስከ ከሰዓት አለቀስኩ። በቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ እርስ በርሳችን ሰላም እንድንባባል ሲያዝ ለማላውቃቸው ሴቶች ግራና ቀኝ እጅ ነሥቻለሁ። ቤቴ ላለችው ግን ያደረግኩላት ይኸው ነው።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኔ ተመልሻለሁ? ወይስ የተመለሰው ልብሴና የጾም አቆጣጠሬ ነው? መመለስ አንድ ቀን ተደርጎ የሚያልቅ ነገር ከሆነ የእኔ የቱ ጋ ጎደለ? በየቀኑ የሚደረግ ከሆነስ በሥራ ቀን፣ በወጥ ቤት ውስጥ ምን ይመስላል?

መልሶቹ

1ኛ። ቀድሞ የመለሰልኝ ዲያቆን ነው። በትሕትና ጀምሮ፣ ንስሐ የሚለው የግእዝ ቃል ጸጸትን እንደሚያሳይ፣ ጸጸት ብቻውን ግን መንገዱን እንደማይጨርስ አስረዳ። ኑዛዜና ቀኖና መከተል አለባቸው። ከሰባቱ ምስጢራት ጥምቀት፣ ሜሮንና ክህነት አንዴ ከተፈጸሙ አይደገሙም፤ ንስሐና ቁርባን ግን ይደገማሉ። ቤተ ክርስቲያን ይህን የሠራችው ሰው ከተጠመቀ በኋላም እንደሚወድቅ አውቃ ስለሆነ፣ መውደቄ ያለፈው መመለሴ ሐሰት ነበር ማለት እንዳልሆነ ነገረኝ። ወደ ንስሐ አባቴ እንድሄድም መከረኝ። ይህን ሳነብ ትንሽ ተነፈስኩ።

2ኛ። ከሐዋሳ የሚጽፍ ወንጌላዊ ወንድም ሁለት ነገር እንዳላምታታ አሳሰበኝ። እንደ እሱ አረዳድ ዳግም መወለድ የአንድ ጊዜ ነገር ነው። ጌታን የተቀበለበትን ቀን፣ የነበረበትን ክፍልና አብሮት የጸለየውን ሰው ሳይቀር ያስታውሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ቅድስና ወይም ማደግ ይለዋል። እስከዚህ መልካም ነበር። መጨረሻ ላይ ግን ፍሬው ካልታየ ዛፉም ገና አልተተከለ ይሆናል የሚል ሐሳብ ጨመረ። ክሩ መሞቅ የጀመረው ከዚህ ነው።

3ኛ። አንዲት እኅት በሁለተኛው ላይ ተነሣች። ሰው ቁስሉን ሲያሳይ አልተወለድክም ማለት ምን ዓይነት መጽናኛ እንደሆነ በምሬት ጠየቀችው። ማስረጃዋ ጴጥሮስ ነው። መረቡን ትቶ ጌታን ተከትሏል፣ የሕያው እግዚአብሔር ልጅ ነህ ብሎም መስክሯል። ሆኖም በሉቃስ 22፥32 ጌታ ገና ወደፊት እንደሚመለስ፣ በተመለሰም ጊዜ ወንድሞቹን እንዲያጸና ይነግረዋል። ጴጥሮስ ከተከተለ በኋላ የሚመለስ ከሆነ እኛ እንዴት አንድ ጊዜ ብቻ እንመለሳለን የሚል ነው ነገሯ። ይህን ጥቅስ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ በዚህ በኩል ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

4ኛ፣ 5ኛና 6ኛ። እነዚህ ሦስቱ ስለ ቁርባን ሥርዓት ገቡ። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም ለታመመና ለሕፃን እንዴት እንደሚሆን፣ ከቆረቡ በኋላ ረጅም መንገድ መሄድ ይፈቀድ እንደሆነ፣ ጸበሉ ከተጠጣ በኋላ አፍን እስከ መቼ መሸፈን እንደሚገባ ተከራከሩ። ጥያቄዎቹ ቁም ነገር ናቸው፣ እኔም የማላውቀውን ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ሦስት ሰው ስለ ምራቅ ሲነጋገር ስለ ስድቡ የተናገረ አልነበረም። ይህን የምለው ልወቅሳቸው አይደለም። እኔም እሑድ ዕለት ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

7ኛ። ይህን መልስ የጻፈችው ቤሩት ለረጅም ዓመታት በቤት ሠራተኝነት የኖረች እኅት ናት። ከጥያቄዬ ጀመረች፤ የተሳሳተ ነው አለች። እኔ የጠየቅኩት ውስጤ ተመልሷል ወይ ብዬ ነው። እሷ ያገለገለቻት እመቤት ክርስቲያን ነበረች፤ በዐቢይ ጾም ሥጋ አታስገባም፣ በሳሎኑ ግድግዳ ላይ የእመቤታችን ሥዕል ነበረ፣ ማታ ማታ መብራት ታበራለታለች። ፓስፖርቱ ግን በካዝና ተቆልፎበታል፣ እሑድም ከቤት መውጣት የለም። ያቺ ሴት በሥዕሉ ፊት ስታለቅስ ብዙ ጊዜ አይታታለች፤ እንባውም እውነተኛ እንደነበረ አትጠራጠርም። ለሷ ግን ከእንባው የደረሳት ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሌላ ዓይነት ጥያቄዎች አስቀመጠችልኝ፦ ልጅቷ በሳምንት የምታርፍበት ቀን አላት? አንቺ ስትቀድሺ እሷ የት ነው ያለችው? የምትበላው ከእናንተው ድስት ነው? ዕቃ ስትሰብር ከደሞዟ ትቆርጫለሽ?

የመጨረሻውን ሳነብ ስልኩን አስቀመጥኩ። እቆርጣለሁ። በደብተር ይዤዋለሁ።

8ኛ። አንድ ወንድም ነገሩን ወደ ራሱ ብሶት ወሰደው። የደላላው ክፍያ፣ ሠራተኛ በወሯ መጥፋቷ፣ ልጅ ጥላ መውጣቷ ሁሉ ተዘረዘረ። ዛሬ የምትበደለው አሠሪ እንጂ ሠራተኛ አይደለችም የሚል ነበር ድምዳሜው።

9ኛ። ለዚህ የተሰጠው መልስ ከሁሉ የሰላ ነበር፣ ጸሐፊው በማግስቱ ሰርዞታል። ስድቡ ይቅርና ሐሳቡን ልያዝ፦ አንዲት ሴት በደሌን ብላ በከፈተችው ክር ላይ የራስን ክስ ይዞ መምጣት፣ ኑዛዜ ቤት ገብቶ የጎረቤትን ኃጢአት እንደ መናገር ነው። ስምንተኛው ወንድም በኋላ ለልጁ እንደተደናገጠ ጽፎ ይቅርታ ጠይቋል። ልጁ አንድ ቀን ሙሉ ብቻውን ተቆልፎበት ውሎ ኖሯል።

10ኛ። ከለንደን የሚጽፍ መምህር ከታሪክ አመጣ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ሉተር እ.ኤ.አ. በ1517 ካወጣቸው 95 ነጥቦች የመጀመሪያው፣ ክርስቶስ ንስሐ ግቡ ሲል የምእመናን ሕይወት በሙሉ ንስሐ እንዲሆን መፈለጉን የሚናገር ነው። ስለዚህ ለሐዋሳው ወንድም፣ የዕለት ዕለት መመለስ የኦርቶዶክሶች ብቻ ትምህርት እንዳልሆነ አሳየው። የምዕራብ መነኮሳት በቅዱስ ቤኔዲክቶስ ሥርዓት መሠረት አኗኗራቸውን ዘወትር ለመለወጥ ስእለት እንደሚገቡም ጨመረ።

ከዚያ ስለ እንግሊዛዊው ቄስ ጆን ኒውተን ጻፈ። መምህሩ ለሥራ ሲወጣ ኒውተን ከ1780 ጀምሮ ያገለገለበት ቤተ ክርስቲያን በመንገዱ ላይ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1748 መርከቡ በማዕበል ልትሰጥም ስትል ወደ እግዚአብሔር ጮኸ፤ የመመለሱን ቀን ከዚያ ይቆጥራል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ በባሪያ ንግድ ውስጥ ቆይቶ የመርከብ አዛዥ እስከ መሆን ደርሷል። ባሕሩን የተወው በ1754 ነው፣ እሱንም ስለታመመ። ንግዱን በአደባባይ አውግዞ የራሱንም ድርሻ ተናዞ ያሳተመው በ1788 ነው። ከማዕበሉ እስከ ኑዛዜው 40 ዓመት። የመምህሩ ሐሳብ፣ እግዚአብሔር ከሰው ጋር በትዕግሥት ይሄዳልና ተስፋ አትቁረጪ የሚል ነበር።

11ኛ። የቤሩቷ እኅት ተመለሰች። መምህሩን አክብራ ግን ሳታለሳልስ ጻፈች። አርባው ዓመት የተቆጠረው ከመርከቡ በላይ ላለው ሰው ነው። ከታች በሰንሰለት ለታሰሩት ኒውተን መዝሙር እየዘመረም፣ መጽሐፍ ቅዱስ እያነበበም ያው ጫኛቸው ነው። መመለስ ቀስ በቀስ ነው የሚለውን ትምህርት የሚወዱት ሁልጊዜ የሚመለሱት ናቸው፤ የሚጠብቁት ሰዎች አይወዱትም። እሷ በዚያ ቤት የቆጠረችውን ዓመት ማንም እንደማይመልስላት ጽፋ አቆመች።

ከዚህ በኋላ ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። እኔ ስለ ዕለት ዕለት መመለስ ስጠይቅ ውስጤ የሚፈልገው ጊዜ እንዲሰጠኝ ነበር። ይህን ያወቅኩት እሷን ካነበብኩ በኋላ ነው። ሰው በየቀኑ የሚመለሰው በየቀኑ የሚበድለው ሰው ስላለ ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ስም አለው፣ ቤቴ ውስጥ ይተኛል።

12ኛ። የሐዋሳው ወንድም በሌላ ድምፅ መጣ። ዛፉ አልተተከለም ያለውን አነሣ፣ እኔንም ሦስተኛዋንም እኅት ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ስለ አባቱ ነገረን። አባትየው ሲያምን የመጀመሪያ ሥራው የጎረቤቱን ድንበር ገፍቶ ያረሰውን መሬት መመለስ ነበር። ችካሉን ነቅሎ ከራሱ ማሳ ውስጥ ወደ ኋላ ሲተክል ወንድማችን ሕፃን ነበር፣ መዶሻውን የያዘለት እሱ ነው። ስለ ዳግም ልደት ብዙ ስብከት ሰምቷል፤ አባቱ ምን እንደሆነ የገባው ግን ያን ጠዋት ነው። ጎረቤትየው ያንኑ ቀን ወተት ላከላቸው።

13ኛ። አንዲት እናት በላኤ ሰብእን አነሡ። 78 ሰው የበላ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ በሰጠው ጥርኝ ውኃ ከዳነ እኔ ስለ አንድ ስድብ ተስፋ መቁረጥ እንደሌለብኝ በእናትነት አጽናኑኝ። ወዲያው ሁለት ሰዎች ክርክር ሊያነሡ ሲሞክሩ ዲያቆኑ ቀደማቸው።

14ኛ። ዲያቆኑ በላኤ ሰብእ የሚነገረው የወደቀው እንዳይቀር እንጂ የቆመው እንዲዝናና እንዳልሆነ ጻፈ። እግዚአብሔር ጥርኝ ውኃውን አይቶ ማረው፤ እኛ ግን በየጊዜው ጥርኝ ውኃችንን ቆጥረን የበላነውን እንዳንረሳ አሳሰበን። ዘኬዎስን አመጣ። ጌታ ቤቱ ሲገባ ያ ቀራጭ ያለቀሰ ስለመሆኑ አልተጻፈም፤ የተጻፈው ግማሽ ሀብቱን ለድሆች መስጠቱና የቀማውን አራት እጥፍ እንደሚመልስ መናገሩ ነው። አስተዋይ የንስሐ አባት ተነሳሒው የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳለ ሳይጠይቅ ቀኖና አይሰጥም፣ ስግደት ዕዳ አይከፍልምና።

ለስምንተኛውና ለዘጠነኛው ደግሞ ሙሴ ጸሊምን አስታወሰ፣ ሰኔ 24 የምናስበውን። ሽፍታ የነበረው ይህ አባት በግብፅ አስቄጥስ በረሃ መንኩሶ ሳለ፣ በአንድ ወንድም ላይ ሊፈርዱ ሲጠሩት ቀዳዳ ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ ተሸክሞ ሄደ። ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፣ የሌላውን ልፈርድ ግን መጣሁ ለማለት ነው። ከዚህ በኋላ በክሩ ላይ የስድብ ቃል አልታየም።

15ኛ። ከእስራኤሏ ከተማ ከነታንያ የጻፈች እኅት አጭር ነገር ጨመረች። የአይሁድ ትምህርት የማስተሰረያው ቀን ራሱ ሰው በባልንጀራው ላይ የፈጸመውን በደል፣ የበደለውን ሰው ካላስታረቀ በስተቀር እንደማያስተሰርይ ያስተምራል። ቤተ እስራኤላውያን ጎረቤቶቿ ከዚያ በዓል በፊት በየበሩ እየዞሩ ይቅርታ ሲጠይቁ አይታለች። በማቴዎስ 5 ያለውን፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ መጀመሪያ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ከዚያ ወዲህ በሌላ ጆሮ እንደምትሰማው ጻፈች።

16ኛ። አንድ አዛውንት አባት ስለ ኒቆዲሞስ ጻፉ፤ እሑዱ እየቀረበ ነበር። እኛ የምናስታውሰው በዮሐንስ 3 በሌሊት የመጣውን ብቻ እንደሆነ አስተዋሉ። በምዕራፍ 7 ግን በባልንጀሮቹ መካከል ሳይሰሙ መፍረድ ልክ እንዳልሆነ ተናግሮ ተዘልፏል። በምዕራፍ 19 ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ በተበተኑበት ሰዓት መቶ ንጥር የሚያህል ከርቤና እሬት ይዞ ሥጋውን ሊገንዝ በግልጽ መጣ። ዳግም ስለ መወለድ በሌሊት የጠየቀው ሰው መልሱን ያገኘው በእጁ እንደሆነ አመለከቱ፤ ተሸክሞ፣ ከፍሎ፣ ታይቶ።

17ኛ። እዚህ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ስድቡን ብቻ ሳይሆን ደብተሩንም ተናዘዝኩ። ሦስት ዓመት ከደሞዟ የቆረጥኩት ተደምሮ 2,350 ብር ሆነ፦ ብርጭቆዎች፣ አንድ ሳህን፣ በካውያ የተቃጠለ የሐበሻ ቀሚስ። አባቴ ገንዘቡን እንድመልስ አዘዙኝ። እጥፉን ያዘዙት እሳቸው አይደሉም፤ ዘኬዎስ አልወጣልኝ አለ። 9,400 ብር በፖስታ አድርጌ ሰጠኋት። እሑድን የዕረፍት ቀኗ አደረግን፤ እሷ በሌሊት ወደ ኪዳን ስትሄድ ልጆቹን ቁርስ የማበላ እኔ ነኝ። ይቅርታም ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች ምንም አይደል እትዬ ብላ ሰሃን ልታጥብ ገባች። ይህን ሁሉ በደስታ ጻፍኩ።

18ኛ። ብዙዎች እግዚአብሔር ይመስገን አሉኝ። የቤሩቷ እኅትም ደስ እንዳላት ጻፈች፣ ግን አንድ ጥያቄ አስከተለች። ፖስታውን ስሰጣት ምን ብዬ እንደሰጠኋት ጠየቀችኝ። ስጦታ ብዬ ከሆነ ልጅቷ አመሰግናለሁ ማለት ግድ ሆኖባታል፣ በራሷ ገንዘብ።

19ኛ። ለበዓል ይሆንሻል ነበር ያልኳት። እጄን ስማኛለች።

ትናንት ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ደብተሩን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ገንዘቡ ስጦታ እንዳልነበረ፣ የራሷ እንደሆነ፣ ያለ አግባብ እንደያዝኩባት ነገርኳት። ከዚያ እያንዳንዱን መስመር ከነቀኑ አነበብኩላት። መጀመሪያ አንገቷን ደፍታ ነበር። ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ስደርስ ቀና አለች። እሱን የሰበረው ትንሹ ልጄ መሆኑን ነገረችኝ፤ እንዳይገረፍ ብላ እኔ ነኝ ብላ ኖራለች። መስመሩን ሰረዝኩት። ማንበቤን ጨርሼ ደብተሩን ልዘጋ ስል ደግሞ፣ ያልተጻፈ አንድ ነገር እንዳለ በቀስታ ጨመረች። ባለፈው ፋሲካ አንድ ሳህን ሰብራ ስብርባሪውን በፌስታል ጠቅልላ ጥላዋለች።

ሳህኑን ደብተሩ ላይ አልጻፍነውም።